የፕላንቴይን ጥብስ በነቀምት ማእድ ቤት፦ ፍሬው፣ ከፍታውና ዘይቱ የሚጠይቁት ማስተካከያ

መግቢያ

ፕላንቴይን በመባል የሚታወቀው የሙዝ ወገን በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ የዕለት ምግብ ነው። ፍሬው ከበሰለ በኋላ ተቆርጦ በዘይት ሲጠበስ በናይጄሪያ ዶዶ፣ በኮትዲቯር አሎኮ ይባላል። በጋና ደግሞ ከመጠን በላይ የበሰለው ፍሬ ተፈጭቶ ከዱቄት ጋር ተለውሶ ሲጠበስ ታታሌ የሚል ስም ይይዛል። የእነዚህ ምግቦች አሠራር ዛሬ በጽሑፍም ሆነ በተንቀሳቃሽ ምስል የእጅ ስልክ ላለው ሰው ሁሉ ቅርብ ነው። በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በሻምቡ ወይም በደምቢ ዶሎ የምትኖር አንዲት እናት ለልጆቿ ወይም ለቡና ቁርስ የሚሆን ጣፋጭ ጥብስ መሥራት ብትፈልግ መመሪያውን ለማግኘት አትቸገርም።

ይሁን እንጂ መመሪያውን ቃል በቃል ተከትላ ብትሠራ የምታገኘው ጥብስ ውጭው የጠቆረ፣ ውስጡ ገና ሊጥ የሆነና ዘይት የጠገበ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ውጤት ሲገኝ ጥፋቱን በሠሪዋ እጅ ላይ መጣል የተለመደ ነው። ነገሩ ሲመረመር ግን መመሪያው የተጻፈው ለሌላ ፍሬ፣ ለሌላ ከፍታና ለሌላ ዘይት እንደሆነ ይታያል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ሦስት ልዩነቶች አንድ በአንድ በማብራራት፣ በወለጋ ከተሞች የሚገኘው ተራ ሙዝ እንዴት ወደ ጥሩ ጣፋጭ ጥብስ ሊለወጥ እንደሚችል ማሳየት ነው።

ጉዳዩ ከጣዕም ያለፈ ፋይዳም አለው። ሙዝ ከተቆረጠ በኋላ ለረጅም ጊዜ የማይቆይ ፍሬ ነው። ልጣጩ ነጠብጣብ ካወጣበት እስከሚበላሽበት ድረስ ያለው ጊዜ በጥቂት ቀናት የሚቆጠር ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያልተበላው ለከብት ይሰጣል ወይም ይጣላል። ለጥብስ ከሁሉ የሚመረጠው ግን ገዢ የሚሸሸው ይህ የጠቆረው ሙዝ ነው። በአንጻሩ ጥብሱ የሚያስወጣው ከፍተኛ ወጪ የዘይት ነው። ስለዚህ ፍሬን ከመጣል ማዳንና ዘይትን ከማባከን መቆጠብ በአንድ መጥበሻ ላይ የሚገናኙ የቤት ኢኮኖሚ ጥያቄዎች ናቸው።

የፍሬው ማንነት

በአማርኛ ‹በሰለ› የሚለው ግስ በዛፍ ላይ ለሚደርሰው ፍሬም በእሳት ላይ ለሚሰናዳው ምግብም ያገለግላል። በዚህ ምክንያት ‹የሚበስል ሙዝ› የሚለው አነጋገር ለፕላንቴይን መጠሪያ ሲሆን ትርጉሙ ይደበዝዛል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ‹የበሰለ› የሚለው ቃል የፍሬውን መድረስ ብቻ ያመለክታል፤ በእሳት የሚሰናዳው ‹የተጠበሰ› ወይም ‹የተቀቀለ› ይባላል።

የሙዝ ዝርያዎች አብዛኞቹ ሙሳ አኩሚናታና ሙሳ ባልቢሲያና ከተባሉ ሁለት የዱር ዝርያዎች የመጡ ናቸው። ሲመንድስና ሼፐርድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1955 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት አመዳደብ መሠረት፣ ከመጀመሪያው የተወረሰው የዘር ስብስብ ‹ኤ›፣ ከሁለተኛው የተወረሰው ‹ቢ› ተብሎ ይጠራል። በገበያ በብዛት የሚታወቀው ካቨንዲሽ የተባለው የጥሬ መብል ሙዝ ‹ኤ ኤ ኤ› ሲሆን፣ እውነተኛው ፕላንቴይን ‹ኤ ኤ ቢ› ነው። በኢትዮጵያ በስፋት የሚመረቱት ድዋርፍ ካቨንዲሽ፣ ፖዮ፣ ግራንድ ኔን እና ዊሊያምስ በካቨንዲሽ ወገን የሚመደቡ ናቸው። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ለመቀቀል የሚሆኑ እንደ ካርዳባና ኪታዊራ ያሉ ዝርያዎችንም ያስተዋወቀ ቢሆንም፣ በከተማ ገበያ ‹ሙዝ› ሲባል የሚታሰበው ተልጦ ጥሬውን የሚበላው ነው። በወለጋም በዴዴሳና በአንገር ሸለቆዎች ባሉ ሞቃት ቆላዎችና በየቤቱ ጓሮ የሚበቅለው ሙዝ የሚፈለገው ለዚሁ ጥሬ መብል ነው።

የሁለቱ ወገኖች ልዩነት በማእድ ቤት የሚገለጠው በመጀመሪያ በውሃ መጠናቸው ነው። የፕላንቴይን ሥጋ 65 በመቶ ያህሉ ውሃ ሲሆን፣ የጥሬ መብል ሙዝ ሥጋ 75 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። 400 ግራም የተላጠ ፕላንቴይን 260 ግራም ውሃ ይይዛል፤ ተመሳሳይ መጠን ያለው ተራ ሙዝ ግን 300 ግራም ውሃ ይይዛል። በመካከላቸው ያለው 40 ግራም ከሁለት ሾርባ ማንኪያ የሚበልጥ ውሃ ነው። ለፕላንቴይን በተጻፈ መመሪያ ላይ ወተት ወይም ውሃ ጨምሩ ተብሎ ከሆነ፣ በተራ ሙዝ ለሚሠራ ሰው ያ ፈሳሽ ሙሉ በሙሉ የሚተው ነው። ፍሬው የራሱን ፈሳሽ ይዞ መጥቷል።

ሁለተኛው ልዩነት ስታርች ነው። ፕላንቴይን በበሰለ ጊዜም ከስታርቹ የተወሰነውን ይዞ ይቆያል፤ ስለዚህ ሲጠበስ ቅርጹን ይጠብቃል። ተራው ሙዝ ግን ሲበስል ስታርቹ ከሞላ ጎደል ወደ ስኳር ስለሚለወጥ ለብቻው ተቆርጦ በዘይት ውስጥ ሲገባ ይለሰልሳል፤ ይበተናል። ያጣውን ስታርች ከውጭ መልሶ የሚሰጠው ዱቄት ነው። በዚህም ምክንያት ለወለጋ ማእድ ቤት ቅርብ አርአያ የሚሆነው የናይጄሪያው ዶዶ ሳይሆን የኡጋንዳው ካባላጋላ ነው። ካባላጋላ ንዲዚ ከተባለው ትንሽ ጣፋጭ ሙዝና ከካሳቫ ዱቄት የሚሠራ ሲሆን፣ ሙዙ በእጅ ታሽቶ ዱቄቱ ያለ ውሃ ይለወስበታል፤ ከዚያም ተዳምጦ በክብ ቅርጽ እየተቆረጠ ይጠበሳል። የጥሬ መብል ሙዝን ፈሳሽ በዱቄት ስታርች የማሰር ዘዴ በጎረቤት አገር አስቀድሞ የታወቀ መሆኑን ይህ ምግብ ያሳያል።

በዚህ አጋጣሚ የእንሰት ዝምድና ሊጠቀስ ይገባል። ሙዝና እንሰት በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ውስጥ የሚመደቡ ሲሆን፣ ቤተሰቡ ሦስት ወገኖችን ብቻ የያዘ ነው። ከእንሰት የሚገኘው ቡላ ንጹሕ ስታርች ስለሆነ ካሳቫ በካባላጋላ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ለመሥራት ብቁ ነው። ቡላ ሊገኝ በሚችልበት ቤት ከስንዴ ዱቄቱ ሩብ ያህሉን በቡላ መተካት ሊሞከር የሚገባው አማራጭ ነው።

ጣፋጭነቱ ከየት ይመጣል

ጥሬ ሙዝ ከሥጋው ክብደት 20 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ስታርች ይዟል። ፍሬው ኢቲሊን የተባለውን ጋዝ ማመንጨት ሲጀምር አሚሌዝ የተባሉትን ጨምሮ ልዩ ልዩ ኢንዛይሞች ሥራቸውን ያፋጥናሉ። ስታርቹም ወደ ሱክሮዝ፣ ግሉኮስና ፍሩክቶዝ ይለወጣል። ሙሉ በሙሉ በበሰለ ሙዝ ውስጥ የሚቀረው ስታርች ጥቂት በመቶ ብቻ ሲሆን፣ ስኳሩ ግን ከሥጋው 15 በመቶ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይደርሳል። በዚህ ስሌት 400 ግራም የተላጠ የበሰለ ሙዝ ወደ 60 ግራም ስኳር ይይዛል። ይህ በሻይ ማንኪያ ቢለካ 15 ማንኪያ ያህል ነው። ስለዚህ በትክክል የበሰለ ሙዝ ላለበት ሊጥ ስኳር መጨመር አስፈላጊ አይደለም።

ስኳር መጨመር ከወጪው በተጨማሪ ሌላ ጉዳት አለው። ፍሩክቶዝና ግሉኮስ ከፕሮቲን ክፍሎች ጋር በሙቀት ሲገናኙ ቡናማ ቀለምና የጥብስ መዓዛ ይሰጣሉ። ስኳሩ ሲበዛ ግን ይህ ለውጥ ከመጠን በላይ ይፈጥናል፤ ቅርፊቱ ውስጡ ከመድረሱ በፊት ይጠቁራል። ቅርፊቱ ሲጠቁር የሚፈጠር ሌላ ችግርም አለ። በ2002 እ.ኤ.አ. የስዊድን ተመራማሪዎች ስታርች ያለባቸው ምግቦች ሲጠበሱና ሲጋገሩ አክሪላማይድ የተባለ ውሁድ እንደሚፈጠር አስታውቀዋል። ውሁዱ አስፓራጅን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ከግሉኮስና ከፍሩክቶዝ ጋር ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ሲገናኝ የሚገኝ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ይህን ውሁድ በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ተብለው በጽኑ ከሚጠረጠሩት መካከል መድቦታል። ከዚህ የሚወሰደው ተግባራዊ ትምህርት ቀላል ነው፦ ጥብሱ የወርቅ ቀለም ሲይዝ ይውጣ፤ ጥቁር ቡናማ እስኪሆን አይጠበቅ።

የመብሰሉን ደረጃ በልጣጩ ቀለም መለየት በንግድ የተለመደ ሲሆን፣ መለኪያው ከሙሉ አረንጓዴ እስከ ቡናማ ነጠብጣብ ያለበት ቢጫ 7 ደረጃዎች አሉት። ለጥብስ የሚመረጠው 7ኛው ደረጃና ከዚያ አልፎ ልጣጩ በአብዛኛው የጠቆረው ነው። ነገር ግን የልጣጭ መጥቆር ሁሉ የጣፋጭነት ምልክት አይደለም። ሙዝ ከ13 ዲግሪ በታች በሆነ ቅዝቃዜ ሲቆይ ልጣጩ በብርድ ይጎዳና ይጠቁራል፤ ውስጡ ግን ጥሬ እንደሆነ ይቀራል። እንደ ሻምቡ ባሉ ደጋ ከተሞች ሌሊቱ ሲበርድ ወይም ጥሬ ሙዝ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲቀመጥ ይህ ሊደርስ ይችላል። በመጓጓዣ ላይ የተቀጠቀጠ ሙዝም እንዲሁ ይጠቁራል። አስተማማኙ መለያ የእጅና የአፍንጫ ነው፤ የበሰለ ሙዝ በቀላሉ ይላጣል፣ በሹካ ሲነካ ያለ ጉልበት ይደቅቃል፣ መዓዛውም ሳይቀርብ ይሰማል። ሙዙ ጠቁሮ ሥጋው ከጠነከረና ምላስን የሚያጣብቅ ከሆነ ገና ነው።

ጥሬ ሙዝ በእጅ ላለው ሰው መብሰሉን ማፋጠን አይከብድም። የበሰለ አቮካዶ ወይም ማንጎ ኢቲሊን ስለሚያመነጭ ከሙዙ ጋር በወረቀት ወይም በጨርቅ ተጠቅልሎ ቢቀመጥ ፍሬው ቶሎ ይደርሳል። አቮካዶና ማንጎ በወለጋ በስፋት የሚገኙ መሆናቸው ይህን ዘዴ ምቹ ያደርገዋል።

ከፍታና የዘይት ሙቀት

ነቀምት ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,080 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው በአምስተኛ ያህል ያነሰ ሲሆን፣ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። በግምት በየ300 ሜትሩ የመፍያው ሙቀት አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። ስለዚህ ዝቅ ባለችው ደምቢ ዶሎ ውሃ በ94 ዲግሪ፣ ከነቀምት ከፍ ባለችው ሻምቡ ደግሞ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በአንጻሩ ስለ ፕላንቴይን ጥብስ የሚጻፉት መመሪያዎች ብዙዎቹ እንደ ሌጎስና አቢጃን ባሉ የባሕር ዳርቻ ከተሞች የዳበሩ ናቸው።

ዘይት ውሃ ስላልሆነ ሙቀቱ በከፍታ አይገደብም፤ በነቀምትም በ175 ዲግሪ ሊግል ይችላል። ልዩነቱ የሚታየው ሊጡ ውስጥ ነው። ሊጥ ዘይት ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው ውሃ እስኪያልቅ ድረስ የመሐሉ ሙቀት ከውሃው የመፍያ ነጥብ አያልፍም። በባሕር ዳርቻ የጥብሱ መሐል እስከ 100 ዲግሪ ሲደርስ፣ በነቀምት ግን 93 ዲግሪ ላይ ይቆማል። የስታርቹ መድረስ በዚህ ሙቀትም ይፈጸማል፤ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ጊዜ ነው። ቅርፊቱ ግን ይህን ጊዜ አይጠብቅም። በዝቅተኛ ግፊት ውሃው ከላይኛው ገጽ ፈጥኖ ስለሚተን ቅርፊቱ ቀድሞ ይደርቃል፣ ቀድሞም ይቀላል። ውጭው የጠቆረና ውስጡ ሊጥ የሆነ ጥብስ የሚገኘው በዚህ የሁለት ፍጥነቶች አለመጣጣም ነው።

መፍትሔው እሳቱን መቀነስና ጊዜውን ማራዘም ነው። በተራራማ አካባቢዎች ለቤት ማእድ ቤት የሚሰጠው የተለመደ ምክር የዘይቱን ሙቀት በየ300 ሜትሩ በአንድ ተኩል ዲግሪ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ዝቅ ማድረግ ነው። በዚህ መሠረት 175 ዲግሪ የሚል መመሪያ በነቀምት ወደ 164 ዲግሪ፣ በሻምቡ ወደ 161 ዲግሪ፣ በደምቢ ዶሎና በጊምቢ ደግሞ ወደ 165 ዲግሪ ይስተካከላል። ከ155 ዲግሪ በታች መውረድ ግን አይመከርም፤ ቅርፊቱ ሳይጸና ሲቆይ ጥብሱ ዘይት ይጠጣል።

የሙቀት መለኪያ በሌለበት ቤት የተለመደው ፍተሻ የእንጨት ማንኪያ እጀታ ዘይት ውስጥ አስገብቶ አረፋ ማየት ነው። ይህ ፍተሻ በከፍታ ቦታ ያታልላል። አረፋው የሚወጣው በእንጨቱ ውስጥ ያለው እርጥበት ሲፈላ ስለሆነ፣ ውሃ በ93 ዲግሪ በሚፈላበት ቦታ ዘይቱ ገና ሳይግል አረፋ ይታያል። የተሻለው ፍተሻ የራሱ የሊጡ ነው። የአተር ፍሬ የምታህል ሊጥ ስትጣል ወደ ታች ወርዳ በጥቂት ሴኮንዶች ከተነሣችና በአንድ ደቂቃ ገደማ የወርቅ ቀለም ከያዘች ዘይቱ ደርሷል። ወዲያው ከቀላች ዘይቱ ከልክ በላይ ግሏል፤ ከታች ከቀረች ገና ነው።

ከፍታው በቤኪንግ ፓውደርም ላይ ተጽዕኖ አለው። እኩል መጠን ያለው ጋዝ በነቀምት የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው 30 በመቶ ያህል የበለጠ ቦታ ይይዛል። ሊጡ ከመጽናቱ በፊት ከመጠን በላይ ከተነፋ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም ዘይት ይገባል። ስለዚህ መመሪያው ከሚያዘው ቤኪንግ ፓውደር ሩብ ያህሉን መቀነስ ይበጃል።

የዘይት ምርጫና አያያዝ

በወለጋ ማእድ ቤት ለመጥበስ የሚቀርቡት ዋና ዋና ዘይቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከውጭ የሚገባውና በተለምዶ ‹የሚረጋ ዘይት› የሚባለው የፓልም ዘይት ሲሆን፣ ሁለተኛው የኑግ ዘይት ነው። ኑግ የኢትዮጵያ ነባር የቅባት እህል ሲሆን፣ ወለጋም ከጎጃም፣ ከጎንደርና ከሸዋ ጋር ከታወቁት አብቃይ አካባቢዎች አንዱ ነው።

ሁለቱ ዘይቶች በኬሚካዊ ይዘታቸው እጅግ ይለያያሉ። በኢትዮጵያ የሚበቅለው ኑግ ዘይት 70 በመቶ የሚበልጠው ሊኖሌይክ አሲድ ነው። በፓልም ዘይት ውስጥ ይህ አሲድ 10 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፣ የዘይቱ ግማሽ ገደማ የረጋ ስብ ነው። ሊኖሌይክ አሲድ ለሰውነት አስፈላጊ የሆነ ስብ ነው፤ ነገር ግን በኦክስጅን የመበላሸት ፍጥነቱ በወይራ ዘይት ውስጥ ከሚበዛው ኦሌይክ አሲድ ከ10 እጥፍ በላይ ነው። የረጋ ስብ በአንጻሩ ለሙቀት ይጸናል፤ ሆኖም በብዛት መመገቡ በደም ውስጥ ያለውን ጎጂ ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል።

ስለዚህ ‹የትኛው ይሻላል?› የሚለው ጥያቄ ዘይቱ ስንት ጊዜ ይጠበስበታል ከሚለው ተለይቶ ሊመለስ አይችልም። ለአንድ ጊዜ ጥብስ በትንሽ መጥበሻ የሚቀርብ ንጹሕ የኑግ ዘይት መልካም ምርጫ ነው። ያንኑ የኑግ ዘይት ለተደጋጋሚ ጥብስ ማቆየት ግን ጥቅሙን ወደ ጉዳት ይለውጠዋል። ዘይት በተደጋገመ ቁጥር ፖላር ውሁዶች የሚባሉት የመበላሸት ውጤቶች በውስጡ ይጠራቀማሉ። በበርካታ የአውሮፓ አገሮች እነዚህ ውሁዶች 25 በመቶ አካባቢ ሲደርሱ ዘይቱ እንዲጣል በሕግ ተደንግጓል። በቤት ውስጥ መለያዎቹ የታወቁ ናቸው፦ ዘይቱ ይጠቁራል፣ ይወፍራል፣ ሲግል የማይጠፋ አረፋ ያወጣል፣ ከወትሮው ቀድሞ ይጨሳል። እነዚህ ሲታዩ አዲስ ዘይት ጨምሮ መቀጠል አዲሱንም ማበላሸት ነው።

ዘይት ለመቆጠብ ከሁሉ የሚረዳው ግን ጥብሱ የሚጠጣውን መቀነስ ነው። ጥብስ አብዛኛውን ዘይት የሚጠጣው በመጥበሻ ውስጥ ሳለ አይደለም። በመጥበሻ ውስጥ ሳለ ከውስጡ የሚወጣው እንፋሎት ዘይቱን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ጥብሱ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ግን በውስጡ የቀረው እንፋሎት ወደ ውሃነት ይመለሳል፣ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለው ግፊትም ይቀንሳል፤ በገጹ ላይ የቀረው ዘይት በዚያን ጊዜ ወደ ውስጥ ይሳባል። ስለዚህ ጥብሱ ከዘይት በወጣባቸው የመጀመሪያ ሴኮንዶች በቀዳዳ ጭልፋ ላይ ሳለ ማራገፍና ትኩሱን ወዲያው በንጹሕ ወረቀት ወይም በወንፊት ላይ ማንጠፍ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ከመጥረግ እጅግ የበለጠ ውጤት አለው።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል

ከላይ የተብራሩትን ማስተካከያዎች አንድ ላይ የሚያመጣው አሠራር የሚከተለው ነው። ለ20 ያህል ትናንሽ ጥብሶች የሚያስፈልገው 400 ግራም የተላጠ፣ በጣም የበሰለ ሙዝ ነው፤ ይህም ከ4 እስከ 5 መካከለኛ ፍሬ ይሆናል። ከዚህ ጋር 150 ግራም ዱቄት፣ ሦስት ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ቁንጥር ጨውና ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ ይዘጋጃል። ኮረሪማ የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተወላጅ ቅመም ስለሆነ የውጭ መመሪያዎች በሚጠይቁት ነትሜግ ፈንታ በሚገባ ይተካል።

ዱቄቱ ሙሉ በሙሉ ፉርኖ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ሩብ ያህሉ በበቆሎ ወይም በጤፍ ዱቄት ቢተካ ቅርፊቱ ይበልጥ ይከረከራል። ምክንያቱ ግሉተን ነው። የስንዴ ዱቄት ሲታሽ ግሉተኑ እየተያያዘ ሊጡን ያጠነክረዋል፤ በቆሎና ጤፍ ግን ይህን ባሕርይ አይጋሩም። በዚሁ ምክንያት ሊጡ ብዙ መምታት አይፈልግም።

መጀመሪያ ሙዙ በሹካ ይደቀቃል። ሙሉ በሙሉ ልሞ እስኪፈስ ድረስ መፍጨት አያስፈልግም፤ ጥቂት ጓል ቢቀርበት ሲበላ ጣዕም ይሰጣል። ዱቄቱ፣ ቤኪንግ ፓውደሩ፣ ጨውና ኮረሪማው ለብቻ ከተደባለቁ በኋላ በሙዙ ላይ ተጨምረው ደረቅ ዱቄት እስከማይታይ ድረስ ብቻ ይማሰላሉ። ውሃ፣ ወተት፣ ስኳርና እንቁላል አይገቡም። የሙዙ ፔክቲንና የዱቄቱ ስታርች ሊጡን ለማያያዝ ይበቃሉ። ከዚህም የተነሣ ጥብሱ ለጾም ወቅት የሚሆን ምግብ ነው። ሊጡ ከማንኪያ ላይ ሲዘነበል ወዲያው የማይፈስ፣ ቀስ ብሎ የሚወድቅ መሆን አለበት። የሚፈስ ከሆነ አንድ ሾርባ ማንኪያ ዱቄት ይጨመርበታል። ከዚያም ለ15 ደቂቃ ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ በዚህ ጊዜ ዱቄቱ የሙዙን ውሃ ስለሚጠጣ ሊጡ ይጠነክራል።

ዘይቱ በትንሽ ጎድጓዳ መጥበሻ ውስጥ የሁለት ጣት ያህል ጥልቀት እንዲኖረው ሆኖ በመካከለኛ እሳት ይግላል። በከሰል ምድጃ ለሚሠራ ሰው የተሻለው ከሰሉ ነበልባሉ አልፎ አመድ መልበስ ሲጀምር መጣድ ነው፤ ሙቀቱ የሚረጋው ያን ጊዜ ነው። በአተር መጠን ሊጥ ከተፈተሸ በኋላ ሊጡ በሾርባ ማንኪያ እየተቀዳ ይጣላል። በአንድ ጊዜ ከ5 ወይም ከ6 በላይ መጣል ዘይቱን ያቀዘቅዘዋል። የመጀመሪያው ገጽ ሲጸና ይገለበጣል፤ በጠቅላላው 4 ደቂቃ ያህል ከተጠበሰ በኋላ የወርቅ ቀለም ሲይዝ ይወጣል፣ ወዲያውም ይራገፋል። የመጀመሪያዋ ጥብስ ተቆርሳ ውስጧ ሊታይ ይገባል። መሐሏ የሚያጣብቅ ሊጥ ከሆነ እሳቱ ይቀነሳል፤ የቀሪዎቹም ጊዜ በአንድ ደቂቃ ይራዘማል።

የተረፈው ዘይት ሲበርድ የሊጥ ቅሪቱ በጨርቅ ተጠልሎ ይወጣል፤ ቅሪቱ ከቆየ በሚቀጥለው ጊዜ ተቃጥሎ ዘይቱን ቶሎ ያበላሻል። ጠርሙሱ ተከድኖ ብርሃን በማይደርስበት ቦታ ይቀመጣል። ኑግ ከሆነ በቀጣዩ ጊዜ ለወጥ ማቁላያ ቢውል ለሌላ ጥብስ ከመመለስ ይሻላል።

ማጠቃለያ

ጣፋጭ የሙዝ ጥብስ በወለጋ ከተሞች ለመሥራት ፕላንቴይን መፈለግ፣ ስኳርና እንቁላል መግዛት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው መመሪያው የተጻፈበትን ቦታና የሚሠራበትን ቦታ ለይቶ ማወቅ ነው። ፍሬው ከፕላንቴይን የበለጠ ውሃና ያነሰ ስታርች ስላለው ፈሳሹ ይቀራል፤ ዱቄት ይተካል። ከተማው ከፍታ ላይ ስለሆነ የዘይቱ ሙቀት ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ይላል፤ ጊዜው ይረዝማል፤ ቤኪንግ ፓውደሩ በሩብ ይቀንሳል። የኑግ ዘይት ለአንድ ጊዜ ጥብስ የተመቸ፣ ለድግግሞሽ ግን የማይጸና ስለሆነ በትንሽ መጥበሻ በልክ ይቀርባል።

የወለጋ ቡና ‹ለቀምት› በሚል መጠሪያ በዓለም ገበያ የታወቀ ነው። በዚያው አካባቢ ቡና በሚፈላበት ቤት ጥግ ላይ የሚጠቁረው የሙዝ ዘለላ ግን ብዙ ጊዜ እንደ ብላሽ ይታያል። ከላይ የቀረበው ማብራሪያ እንደሚያሳየው ያ ዘለላ ስኳሩን፣ ፈሳሹንና ማያያዣውን ሁሉ በራሱ አሟልቶ የያዘ የቡና ቁርስ ነው። ለመጣል ከመነሣት በፊት መጥበሻውን መጣድ፣ ከመጥበሻው በፊት ደግሞ እሳቱን ጥቂት ዝቅ ማድረግ ይበቃል።